10.3125 ጊጋ ቢት ሊንክ፦ ኦሲሎስኮፑ 0.62 ዩአይ ጅተር ይላል፣ የቢት ስህተት ግን አንድም የለም

ደብሬ_ላብ
ሰላም ለሁላችሁ። ኪንቴክስ-7 ኤፍፒጂኤ (በፕሮግራም የሚዋቀር ቺፕ) ባለበት ቦርድ ላይ ያለ የጂቲኤክስ (የቺፑ ፈጣን መላኪያና መቀበያ) ሊንክ ነው። ፍጥነቱ 10.3125 ጊጋ ቢት በሰከንድ፣ ሪፈረንስ ክሎኩ 156.25 ሜጋ ኸርዝ። ከቦርዱ በሁለት የኤስኤምኤ ገመድ ወጥቶ 8 ጊጋ ኸርዝ ባንድዊድዝና በሰከንድ 40 ጊጋ ናሙና ወዳለው ኦሲሎስኮፕ ይገባል። በፒአርቢኤስ-7 (ዘፈቀዳዊ በሚመስል የቢት ንድፍ) የሚሰጠን ውጤት ይህ ነው፦

ጠቅላላ ጅተር በ10⁻¹² የቢት ስህተት መጠን (ቢኢአር) ላይ፦ 60.1 ፒኮ ሰከንድ (0.62 ዩአይ፤ አንድ ዩአይ የአንድ ቢት ጊዜ ነው)
ራንደም (ወሰን የሌለው ዘፈቀዳዊ) ጅተር፦ 1.3 ፒኮ ሰከንድ አርኤምኤስ
ዲተርሚኒስቲክ (ወሰንና ምክንያት ያለው) ጅተር፦ 41.8 ፒኮ ሰከንድ

ያው ሊንክ በሉፕባክ፣ የላከውን መልሶ ራሱ እየተቀበለ ሲሠራ ግን አንድም ስህተት አይቆጥርም። የኦሲሎስኮፑ ክሎክ ሪከቨሪ (ክሎኩን ከዳታው የሚያወጣበት መንገድ) «ኮንስታንት ክሎክ» ላይ ነው፣ ሜሞሪው 1 ሚሊዮን ነጥብ። የትኛውን እንመን?

ጋሽ_ጅሩ
ሁለቱንም። የተጠየቁትን ነው የመለሱት።

ጅተር ማለት ጠርዙ መድረስ ከነበረበት ቅጽበት ምን ያህል ቀደመ ወይም ዘገየ ማለት ነው። «መድረስ የነበረበትን» የሚወስነው ደግሞ አንተ የመረጥከው ክሎክ ነው። ኮንስታንት ክሎክ ካልከው ኦሲሎስኮፑ የያዛቸውን ጠርዞች ሁሉ ሰብስቦ አንድ የማይነቃነቅ ፍጥነት ያወጣል፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጠርዝ በእሱ ይለካል። ቀስ ብሎ የሚወዛወዘውም ፈጣኑም አንድ ላይ ይደመራል።

ሪሲቨሩ እንደዚያ አያይም። ውስጡ ያለው ሲዲአር (ክሎኩን ከዳታው የሚያወጣው ክፍል) ቀርፋፋውን ውዝዋዜ ይከተለዋል፤ ዳታው ወዲህ ሲል የናሙናው ቅጽበትም አብሮት ወዲህ ይላል። የሚጎዳው ሊከተለው ያልቻለው ፈጣኑ ብቻ ነው። ኦሲሎስኮፕህም ሪሲቨሩ የሚያየውን እንዲያሳይህ ከፈለግህ ክሎክ ሪከቨሪውን ወደ ፒኤልኤል (ቀርፋፋውን ለውጥ ወደሚከተል ሉፕ) ቀይር።

ለ10 ጊጋ ኢተርኔት ማጣቀሻው 4 ሜጋ ኸርዝ ኮርነር (ሉፑ ጅተሩን መከተል የሚያቆምበት ድንበር) ነው፣ ቁልቁለቱ በዲኬድ 20 ዲሲቤል። ብዙ ኦሲሎስኮፖች «ጎልደን ፒኤልኤል» ብለው የሚያስቀምጡት ከፋይበር ቻናል የመጣውን የባውዱን 1/1667 ነው። ያ በ1.0625 ጊጋ ላይ 637 ኪሎ ኸርዝ ነው። በአንተ ፍጥነት ግን 6.19 ሜጋ ኸርዝ ይሆናል፣ 4 አይደለም። ስለዚህ ዝም ብለህ «ጎልደን» የሚለውን አትጫን፤ ቁጥሩን በእጅህ አስገባ።

ሌላው፣ 1 ሚሊዮን ነጥብ በ40 ጊጋ ናሙና 25 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። የስፔክትረሙ ጥራት 40 ኪሎ ኸርዝ ላይ ይቀራል። ወደ 20 ሚሊዮን አውጣው፦ 500 ማይክሮ ሰከንድ ይሆንና ጥራቱ 2 ኪሎ ኸርዝ ይደርሳል። ከዚያ የቲአይኢውን (የየጠርዙን የጊዜ ስህተት) ስፔክትረም ለጥፍልን።

ኤፍራታ_ሰሜን
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ነገር ማጭበርበር አይመስልም? ሉፕ ባንድዊድዙን ባሰፋሁ ቁጥር ጅተሩ ይቀንስልኛል። 20 ሜጋ ኸርዝ ብዬ 0.2 ዩአይ ማስወጣት እችላለሁ።

ጋሽ_ጅሩ
ትችላለህ፣ የሚያደርጉትም አሉ። የሉፕ ባንድዊድዙ ያልተጻፈበት የጅተር ሪፖርት ሲመጣልኝ ቁጥሩን አላነበውም፣ መልሼ ነው የምልከው።

ስታንዳርዱ ኮርነሩን የሚቆርጠው ለሁለት ወገን ነው። ትራንስሚተሩን በ4 ሜጋ ኸርዝ ትለካዋለህ። ሪሲቨሩን ደግሞ በዚያው መስመር ታስጨንቀዋለህ፦ ሳይነሶይዳል ጅተር ጨምረህበት በ40 ኪሎ ኸርዝ 5 ዩአይ፣ በ4 ሜጋ ኸርዝ 0.05 ዩአይ መሸከም አለበት፤ መሃሉ ድግግሞሹ በጨመረ ቁጥር በዚያው ልክ እየቀነሰ ይወርዳል። ከትራንስሚተሩ ሒሳብ የሰረዝከው ቀርፋፋ ጅተር ሪሲቨሩ እንዲሸከመው የተፈረመበት ነው። 20 ሜጋ ኸርዝ ካልክ ማንም ያልፈረመበትን ዕዳ ነው የምትሰርዘው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው የማያስተውለው። «4 ሜጋ ኸርዝ» የምን 4 ሜጋ ኸርዝ ነው? በሁለተኛ ኦርደር ፒኤልኤል ዳምፒንግ 0.707 ሲሆን ሉፑ የሚያሳልፈው ወደ 3 ዲሲቤል የሚወርድበት ድግግሞሽ የተፈጥሮ ድግግሞሹ 2.06 እጥፍ ነው። የሚቀረው ጅተር፣ ማለትም ኦሲሎስኮፑ የሚያሳይህ፣ 3 ዲሲቤል የሚወርደው ግን ልክ በተፈጥሮ ድግግሞሹ ላይ ነው። ሁለት መሣሪያ «4 ሜጋ» እያሉ በእጥፍ ሊለያዩ የሚችሉት በዚህ ነው። መመሪያው የትኛውን እንደሚል ፈልጉ። ዳምፒንጉን ከ0.7 በታች ካወረዳችሁት ደግሞ ኮርነሩ አካባቢ ያለው ጅተር ከእውነቱ ጎልቶ ይታያል።

ደብሬ_ላብ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ፒኤልኤል፣ ሁለተኛ ኦርደር፣ 4 ሜጋ ኸርዝ፣ ዳምፒንግ 0.707፣ 20 ሚሊዮን ነጥብ፦

ጠቅላላ፦ 32.2 ፒኮ ሰከንድ (0.33 ዩአይ)
ራንደም፦ 0.9 ፒኮ ሰከንድ
ዲተርሚኒስቲክ፦ 19.5 ፒኮ ሰከንድ

በኮንስታንት ክሎክ ስፔክትረሙ ላይ 310 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ቀጥ ብሎ የቆመ እሾህ አለ፣ ከጫፍ ጫፍ 30 ፒኮ ሰከንድ ያህል። በፒኤልኤሉ ግን ከወለሉ ብዙም አይለይም። 41.8 እና 19.5 የሚለያዩት በእሱ ነው?

የመንዝ_ጭጋግ
በእሱ ነው። ቀለል ባለው ሒሳብ፣ በአንደኛ ኦርደር 4 ሜጋ ኸርዝ ሉፕ 310 ኪሎ ኸርዝ ላይ ያለ ጅተር የሚቀረው 310 ሲካፈል ለ4000 ነው፣ 0.078 አካባቢ። 30 ፒኮ የነበረው ወደ 2.3 ፒኮ ወረደ ማለት ነው። የአንተ ሁለተኛ ኦርደር ስለሆነ ከዚያም ያንሳል። ራንደሙም ከ1.3 ወደ 0.9 የወረደው ቀርፋፋው የሪፈረንስ ክሎክ ኖይዝ አብሮ ስለተከተለ ነው።

ሊንኩ ስለሠራ ግን እሾሁን አትተወው። 310 ኪሎ ኸርዝ የስዊቺንግ ሪጉሌተር ድምፅ ሳይሆን አይቀርም። የጂቲኤክሱ የኃይል መስመሮች በሆኑት በኤምጂቲ-ኤቪሲሲ (1.0 ቮልት) ወይም በኤምጂቲ-ኤቪቲቲ (1.2 ቮልት) ላይ ሳይቀመጥ አልቀረም። አምራቹ እነዚህ ላይ ከ10 ኪሎ ኸርዝ እስከ 80 ሜጋ ኸርዝ ድረስ ከጫፍ ጫፍ ከ10 ሚሊ ቮልት በላይ ሪፕል አይፈቅድም። አለካኩ፦ ኦሲሎስኮፑን ኤሲ ካፕሊንግ ላይ አድርግ፣ ባንድዊድዙን ወደ 200 ሜጋ ኸርዝ ወይም ከዚያ በታች ቁረጥ፣ የፕሮቡን ረጅም የመሬት ሽቦ አውልቀህ በአጭሩ ስፕሪንግ በዲካፕሊንግ ካፓሲተሩ ሁለት ጫፍ ላይ አሳርፈው። በረጅሙ የመሬት ሽቦ ከለካህ የሚታይህ የሪጉሌተሩ ኢንዳክተር ወደ ሽቦህ ያስተጋባው ነው፣ የኃይል መስመሩ ላይ ያለው አይደለም።

ሪጉሌተሩ እሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ጭነቱን ለውጥ። ሌሎቹን ሌኖች (ጎን ያሉትን ሊንኮች) አጥፍተህ አብራ፤ የእሾሁ ቁመት ከተለወጠ ተገኘ። ፍጥነቱ በሬዚስተር የሚስተካከል ከሆነ ወደ 400 ኪሎ ኸርዝ ውሰደው፤ እሾሁ ተከትሎት ከሄደ ክርክር የለም። መፍትሔው ፌራይት ቢድ ወይም ከስዊቸሩ በኋላ አንድ ኤልዲኦ (ስዊች የማያደርግ ሪጉሌተር) ነው። እኔ ኤልዲኦውን እመርጣለሁ። ፌራይት ቢድ በ300 ኪሎ ኸርዝ ላይ ያለው ኢምፒዳንስ ትንሽ ነው፤ ከካፓሲተሩ ጋር ሬዞናንስ ከሠራ ደግሞ ይባስ ብሎ ያጎላዋል።

ጋሽ_ጅሩ
ልክ ብላለች። አሁን ወደ 8 ጊጋ ኸርዙ እንምጣ። የዚህ ሊንክ መሠረታዊ ድግግሞሽ 5.156 ጊጋ ኸርዝ ነው፣ ሦስተኛው ሃርሞኒክ 15.5። ኦሲሎስኮፕህ ሦስተኛውን አያይም። የራሱ የመውጫ ጊዜ ወደ 50 ፒኮ ሰከንድ ይጠጋል፣ ቢትህ ደግሞ 97 ፒኮ ናት። ስለዚህ ከዚያ 19.5 ፒኮ ውስጥ ጥቂት የማይባለው አይኤስአይ (አንዱ ቢት በሌላው ላይ ሲደርብ የሚመጣው ጅተር) የኦሲሎስኮፑ ነው። የቦርዱ አድርገህ ሪፖርት ላይ እንዳትጽፈው።

ባለው መሣሪያ ለመሥራት ሁለት ጊዜ ለካ። መጀመሪያ 1010 ንድፍ ላክ። ያ 5.156 ጊጋ ኸርዝ ሳይን ነው፣ 8 ጊጋ ኸርዝ ውስጥ ይገባል፣ አይኤስአይ የሚባል ነገር የለበትም። ራንደሙንና ፔሪዮዲኩን ከዚህ ውሰድ። ቀጥሎ ፒአርቢኤስ-7 ልከህ አይኤስአዩን ለማነጻጸሪያ ብቻ ተጠቀምበት፦ ይህ ገመድ ከዚያ ገመድ፣ ይህ ኢኳላይዘር ከዚያ።

የራስህን የኖይዝ ወለል ደግሞ እወቅ። የቮልቴጅ ኖይዝ በጠርዙ ተዳፋት ሲካፈል ጅተር ይሆናል። 5.156 ጊጋ ኸርዝ ሳይን፣ ከመሃል እስከ ጫፍ 300 ሚሊ ቮልት ከሆነ፣ ዜሮን ሲያቋርጥ ተዳፋቱ በፒኮ ሰከንድ 9.7 ሚሊ ቮልት ነው። ኦሲሎስኮፑ 3 ሚሊ ቮልት አርኤምኤስ ኖይዝ ካለው 0.31 ፒኮ ራንደም ጅተር ከራሱ ይጨምርልሃል። ከ0.9 ላይ በካሬ ቀንሰው፣ 0.84 ይቀራል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በ10⁻¹² ራንደም የሚባዛው በ14.07 ነው፣ ስለዚህ 0.06 ፒኮዋ ወደ 0.8 ፒኮ ሄደች። ኖይዙ ከስክሪኑ ሙሉ ቁመት ጋር ስለሚያድግ ሲግናሉ ከስክሪኑ 80 በመቶ ያህሉን ይሙላ፤ ከላይና ከታች ግን አይቆረጥ።

የመንዝ_ጭጋግ
በ1010 ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፒአርቢኤስ ላይ ከሁለት ቢት በአማካይ አንዱ ይሻገራል፣ 1010 ላይ ሁሉም። ሊኒየር ፌዝ ዲቴክተር ባለው ሃርድዌር ሲዲአር ሉፕ ጌይኑ ከመሻገሪያው ብዛት ጋር ይሄዳል፤ 4 ሜጋ ኸርዝ ያልከው 8 ይሆናል። የኦሲሎስኮፑ የሶፍትዌር ፒኤልኤል ይህን ያካክስ እንደሆን መመሪያው ላይ አረጋግጥ።

ራንደሙ ላይም ተጠንቀቅ። ከጎረቤት ሌን የሚመጣ ክሮስቶክ ከንድፉ ጋር ስለማይያያዝ የስፔክትረም ዘዴው ራንደም ነው ብሎ ያነሳውና በ14 ያባዛዋል። ክሮስቶኩ የራንደሙን ቁጥር በስህተት በ0.3 ፒኮ ካሳደገው 4 ፒኮ የሌለ ጅተር ይፈጥራል። ጎረቤቶቹን አጥፍተህ ራንደሙ ከወረደ ራንደም አልነበረም። ቴይል ፊት (ራንደሙን ከስርጭቱ ጅራት የሚያሰላ ዘዴ) ያለው መሣሪያ ካለህ በሁለቱም ለካና አወዳድር።

ኤፍራታ_ሰሜን
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ፒሲአይ ኤክስፕረስ 8 ጊጋ ላይ ስፕሬድ ስፔክትረም (የክሎኩን ፍጥነት ሆን ብሎ ማወዛወዝ) ሲበራ አይ ዲያግራሙ (ቢቶቹ ተደራርበው የሚሠሩት ምስል) ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ያው 4 ሜጋ ኸርዝ ፒኤልኤል ነው የተጠቀምነው።

የመንዝ_ጭጋግ
ኦርደሩ አንደኛ ነው ወይስ ሁለተኛ? አንደኛ ሳይሆን አይቀርም።

ስፕሬዱ ከ0 እስከ 0.5 በመቶ ወደታች በ30–33 ኪሎ ኸርዝ የሚሄድ ሦስት ማዕዘን ነው። ከአማካዩ ሲታይ ፕላስ ማይነስ 2500 ፒፒኤም፣ በ8 ጊጋ 20 ሜጋ ኸርዝ ማለት ነው። ፌዙን ካሰላኸው ከጫፍ ጫፍ ወደ 19 ናኖ ሰከንድ ይወጣል፣ 150 ዩአይ! ለዚህ ነው ኮንስታንት ክሎክ እዚህ ጨርሶ የማይታሰበው።

አንደኛ ኦርደር ሉፕ የፍጥነት ልዩነት ሲገጥመው ቋሚ የፌዝ ስህተት ይዞ ይጓዛል፦ 20 ሜጋ ኸርዝ ሲካፈል ለ2π ጊዜ 4 ሜጋ ኸርዝ፣ 0.8 ዩአይ። አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ 0.8 ዩአይ ሲንሸራተት አይኑ ቢዘጋ ምን ይገርማል። በሁለተኛ ኦርደር፣ ተፈጥሮ ድግግሞሹ ያው 4 ሜጋ ሆኖ፣ የሚቀረው የራምፑ ስህተት 0.004 ዩአይ ነው፣ ግማሽ ፒኮ ሰከንድ። አንዷን ቅንብር ቀይረህ እየው።

ኤፍራታ_ሰሜን
ተከፈተ። ተባረኪ እህቴ።

ደብሬ_ላብ
ሰፋ ያለ ባንድዊድዝ ያለው ኦሲሎስኮፕ ማግኘት ለእኛ ቀላል አይደለም። ያለሱ የሪሲቨሩን በኩል ማየት ይቻላል?

የመንዝ_ጭጋግ
ይቻላል፣ ቺፑ ውስጥ አለ። የጂቲኤክስ አይ ስካን በ10.3125 ጊጋ ሙሉ ሬት ላይ አንዷን ዩአይ ከ−32 እስከ +32 ይከፋፍላታል፤ አንድ እርምጃ 1.5 ፒኮ ሰከንድ ነው። ቁመቱ ከ−127 እስከ +127። የሚያየው ከኢኳላይዘሩ በኋላ ያለውን ነው፣ ክሎኩም የሪሲቨሩ የራሱ ሲዲአር ነው፤ ስለዚህ 310 ኪሎ ኸርዝህን እዚያ አትጠብቀው። ኦሲሎስኮፑ የትራንስሚተሩን፣ ይሄ የሪሲቨሩን ይነግርሃል፤ ቁጥራቸው እኩል አይወጣም፣ እኩል ከወጣም አጋጣሚ ነው።

መጀመሪያ ኤልፒኤም በሚባለው የኢኳላይዘር ሞድ ላይ ሥራ። በሌላው ሞድ በዲኤፍኢ ስካኑ ለ0 እና ለ1 ተለያይቶ መደረግና መደመር አለበት፤ ያንን የዘለለ ሰው ግማሽ አይን አይቶ «ሊንኩ ሞተ» ይላል። አግድሙን በቁመት 0 ላይ ብቻ ስካን አድርገህ እስከ 10⁻⁸ ወይም 10⁻⁹ ውረድ፣ ከዚያ በኪው ስኬል (ራንደም ጅተር ቀጥ ብሎ በሚታይበት ሚዛን) ቀጥ ባለ መስመር ወደ 10⁻¹² አራዝመው። ከ10⁻⁵ በላይ ያሉትን ነጥቦች በመስመሩ አታካትት፤ እዚያ የሚነግሠው ዲተርሚኒስቲኩ ስለሆነ ተዳፋቱን ያበላሻል።

አንድ ነገር ብቻ፦ ሪሲቨሩ ያወጣውን ክሎክ በፋብሪኩ (በኤፍፒጂኤው የውስጥ ሽቦዎች) በኩል ወደ ፒን አውጥተህ የኦሲሎስኮፕ ትሪገር አታድርገው። በመንገዱ የሚጨመርበት ጅተር ከምትለካው ይበልጣል።

ጣርማ_በር
ትሪገር ከተነሳ፣ ሳምፕሊንግ ኦሲሎስኮፕና የውጭ ሲዲአር ለምትጠቀሙ፦ በዳታውና በትሪገሩ መንገድ መካከል የጊዜ ልዩነት ካለ ውጤቱ ይዛባል። ልዩነቱ 20 ናኖ ሰከንድ ቢሆን 25 ሜጋ ኸርዝ ላይ ያለ ጅተር እጥፍ ሆኖ ይታያል፣ 50 ሜጋ ኸርዝ ላይ ያለው ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ጠፋ ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። ዳታውን በሚመጥን ርዝመት ገመድ አዘግዩትና እንደገና ለኩ።

ቀጥሎ በፋይበር ልታወጡት ከሆነ። ከደብረ ብርሃን አንኮበር በመንገድ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ለምሳሌ እሱን እንውሰድ። 1550 ናኖ ሜትር ላይ የተለመደው ፋይበር በኪሎ ሜትር 17 ፒኮ ሰከንድ በናኖ ሜትር ይበትናል፣ በ40 ኪሎ ሜትር 680። የ10 ጊጋ ሲግናል ስፋት በጥሩ ኤክስተርናል ሞጁሌሽን እንኳ ወደ 0.08 ናኖ ሜትር ነው፤ ሲባዛ 54 ፒኮ፣ ከግማሽ ቢት በላይ። ይህ አይኤስአይ ነው፣ ከንድፉ ጋር የሚሄድ፣ ሲዲአር የማይከተለው። ሉፑን ብታሰፉትም ብታጠቡትም አይጠፋም። በቀጥታ የሚሞጁሌት ሌዘር ቸርፕ (ሲሞጁሌት የሞገድ ርዝመቱ መንሸራተት) ስላለው ከዚህም ይብሳል፣ ለዚህ ርቀት አይሆንም።

ጠረጴዛ ላይ ስትሞክሩ የኢአር (ለ40 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን) የፋይበር ሞጁል በአጭር ፓች ኮርድ ከራሱ ጋር አታገናኙ። እስከ +4 ዲቢኤም ሊያወጣ ይችላል፣ ሪሲቨሩ የሚቀበለው ከፍተኛ −1 ነው። ቢያንስ 5 ዲሲቤል ማዳከሚያ ያስፈልጋል፣ እኔ 10 አስገቡ እላለሁ። ሪሲቨሩ ሳይቃጠል ሳቹሬት ቢያደርግ እንኳ የዲውቲ ሳይክል ዲስቶርሽን (የ0 እና የ1 ርዝመት መበላለጥ) ጅተር ያሳያችሁና የትራንስሚተሩን ስህተት ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ደብሬ_ላብ
አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። 10⁻¹² ማለፉን በቆጣሪ ለማረጋገጥ ምን ያህል ማስኬድ አለብን? 10⁻¹⁵ የሚልም ደንበኛ አለ።

ጋሽ_ጅሩ
ስህተት ሳይኖር 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን ሦስት ሲካፈል ለቢኢአሩ ያህል ቢት ያስፈልጋል። ለ10⁻¹² 3 ትሪሊዮን ቢት ነው፣ በዚህ ፍጥነት 291 ሰከንድ፣ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ለ10⁻¹⁵ 81 ሰዓት ግድም። ሦስት ቀን ተኩል ሊሆን ትንሽ የቀረው ማለት ነው፤ በዚያ መሃል መብራት ሳይጠፋ ይቅር ማለት አይቻልም፣ ስለዚህ ኦንላይን የሚባለው ዩፒኤስ ላይ አድርጉት። ርካሹ ኢንቨርተር ወደ ባትሪ ሲቀያየር የሚያቋርጣት ቅጽበት ሊንኩን ካናወጠችው የተቆጠረው ስህተት የሊንኩ ይሁን የመብራቱ አታውቁም። ቆጣሪውም ስህተቱን ከነሰዓቱ ይመዝግብ፤ ስህተቱ በአንድ ቅጽበት ተሰብስቦ ከመጣ ራንደም ጅተር አይደለም።

ለደንበኛው በባዝተብ (ስህተቱን ከናሙናው ቅጽበት ጋር በሚያሳየው ኩርባ) የተራዘመውን ስጡት። ማባዣው ለ10⁻¹⁵ ከ14.07 ወደ 15.88 ይወጣል፤ በ0.84 ፒኮ ራንደም ስታሰሉት ልዩነቱ 1.5 ፒኮ ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ለምትለኩ ደግሞ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ነው፣ ቀትር ላይ ፀሐይ። ኦሲሎስኮፑን 30 ደቂቃ አሙቁትና ሰልፍ ካሊብሬሽን አስኪዱ፣ ክፍሉ ከ5 ዲግሪ በላይ ከተለወጠ ድገሙት። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቷል፣ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህሉ የለም። ብርድ ቀን ነው ብላችሁ የኤፍፒጂኤውን ማራገቢያ አትናቁት፤ የሚወስደው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። የጁንክሽን ሙቀቱን ከእያንዳንዱ ልኬት ጎን ጻፉ።

የመንዝ_ጭጋግ
ገመዶቹንም። ሁለቱ የኤስኤምኤ ገመዶች 2 ሚሊ ሜትር ከተለያዩ 10 ፒኮ የሚጠጋ ስኪው (የመድረሻ ጊዜ ልዩነት) አላችሁ፣ 0.1 ዩአይ ማለት ነው። ልዩነቱን በኦሲሎስኮፑ ዲስኪው አስተካክሉ። ናስ የሆነውን ማገናኛ በ0.56 ኒውተን ሜትር ቶርክ ቁልፍ አጥብቁ፤ በጣት ብቻ የጠበቀ ሲነካ ውጤቱ ይለዋወጣል። አንዱን እግር ብቻ የምትለኩ ከሆነ ሌላኛውን በ50 ኦም ዝጉት።

ደብሬ_ላብ
ኤልዲኦውን ገጥመን በ1010 እና በፒአርቢኤስ-7 ለየብቻ እንለካለን፣ አይ ስካኑን ጨምረን ሁሉንም እዚሁ እንለጥፋለን።